የእስካቫተሩ ርክክብ

ዛሬ ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ባለቤቴ ከሰዓት ጀምራ ስትስቅ ስላመሸች አንድ ሁለት ሰው ቢጨመር አይጎረብጠኝም።

ለልጅ ልጄ ለናቲ የልደት ስጦታ ልገዛ ነበር የወጣሁት። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ በትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች የሚገጣጠም እስካቫተር አየሁና እግሬ ተተከለ። ሳጥኑ ትራስ ያህላል፤ ፍሬው ከሺህ ይበልጣል፤ ጎኑ ላይ ለአዋቂ እንጂ ለልጅ እንዳልሆነ ተጽፏል። ናቲ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ደፈነ። ሻጯ «አባት፣ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብትለኝ «ለስልሳ» ብያት ከፍዬ ወጣሁ። ውሸት አልተናገርኩም።

ቤት ገብቼ «ፍሬው መሙላቱን ብቻ ልይ» አልኩ። አየሁ። «የታችኛውን ብቻ ልግጠምለት» አልኩ። ገጠምኩ። ናቲ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስጦታው አልቆ፣ ተወልውሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ እኔ ምሳ አልበላሁም። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ሊያሳፍረኝ እንዳልፈለገ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ሹፌሩ ለምንድን ነው ለአካፋው ጀርባውን የሰጠው?» አለኝ።

ጋቢናውን አዙሬ ገጥሜዋለሁ። ሰውየው የሚቆፍረውን ትቶ የመጣበትን መንገድ ይመለከታል። ያንን ለማቃናት ደግሞ የላይኛው ግማሽ በሙሉ መፍረስ አለበት። «እያረፈ ነው» ብዬ ሞከርኩ፤ ናቲ አላመነኝም።

ባለቤቴ ሳቋ ሲበርድላት፣ «ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ከመጀመርህ በፊት ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ዞረህ ሥር ሥሩን ያየኸው ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። ምንም አልጠፋብኝም። መዞሬንም አላወቅሁትም። ሳጥኑ ሲከፈት ቡን ያለው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነው ያዞረኝ። ያ ሽታ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ፣ ጋሽ ከድር ሱቅ ደጃፍ ላይ ወስዶ አቆመኝ።

ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ነው፤ ዘመኑ የደርግ። የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ውቤ በረሃ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ በሁለት ቡና ቤቶች መካከል ተሰክታ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበረች። ሱቅ ካላችኋት ነው፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ሆዱን ስቦ ነው የሚቆመው። ብሎን፣ ዳዶ፣ አሮጌ ኩሽኔታ፣ የተጣመመ ሚስማር ሳይቀር በየቆርቆሮው ተለይቶ ተደርድሯል። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ ታስሯል። ከዚያ ስወጣ ግሪስ ግሪስ ስለምሸት እናቴ የት እንደዋልኩ ጠይቃኝ አታውቅም።

ጋሽ ከድር ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በመንገድ ሥራ ግሬደር፣ ዶዘርና እስካቫተር የነዱ ሰው ናቸው። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም። ስለዚህ ዕቃ ሲቆጥሩ ስምንት ላይ ይደርሱና «አምጣ» ብለው የእኔን ሁለት ጣት ተውሰው አሥር ይሞላሉ። እኔ ይሄን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው። ጣቶቼን አጥቤ የምመጣበት ቀን ነበር።

ያኔ የገጣጠምናቸው የመጫወቻ ማሽኖች ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም፤ ሰሎሞን ነው። ሰሎሞን የግቢያችን ልጅ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ገና ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ እትዬ አስካለ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ዳኒ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የማሽን ምህንድስና ይማራል። በየአደባባዩ ሥዕላቸው የተሰቀለውን ጺማም ፈረንጆች እኔ የዳኒ አስተማሪዎች ይመስሉኝ ነበር፤ ጺማቸውን አይቼም በጣም እንደሚከብድ ትምህርት ነበር የማስበው።

ዳኒ ግንቦት ላይ በሰው እጅ አንድ ሳጥን ላከ። በፕላስቲክ ጡብ የሚሠራ ትራክተር፣ ከነማረሻው። ከውስጡ ደብዳቤ ነበረበት። «ሰሎሞን፣ ይሄ መጫወቻ አይደለም፤ ማሽን ነው። ጌታቸው ይጻፍልህና፣ ምኑ ጥሩ እንደሆነ ምኑ መጥፎ እንደሆነ መርምራችሁ አሳውቁኝ። ጋሽ ከድር አይተው ካልፈረሙበት ግን አልቀበልም።» ዳኒ ልጅ ሆኖ የጋሽ ከድርን ብሎን ሲለቅም ያደገ ነው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ያውቃል። ጌታቸው የተባልኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። አሁን የሐኪም ይመስላል፤ ሐኪም ግን አልሆንኩም።

እንዲህ አድርገን ሦስታችን መርማሪ ኮሚቴ ሆንን። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የአንድ ነገር ኮሚቴ ነበር፤ እኛም አልቀረብንም።

ጋሽ ከድር ማሽን ሲረከቡ ሥርዓት አላቸው። ባንኮኒውን ለቀው ትራክተሩን መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፤ በእያንዳንዱ ዙር ጉልበታቸውን ይዘው «ያ ረቢ» እያሉ ያጎነብሱና ከሥሩ ያያሉ። ሥሩ ደግሞ ባዶ ነው፤ አንድ ስንዝር የማትሞላ መጫወቻ ናት። እኔ ሥላሴ ዘንድ ታቦት ሦስት ጊዜ ሲዞር አይቻለሁ፤ ማሽንም የራሱ ዑደት ያለው መሰለኝ። ስለዚህ ከኋላ ከኋላቸው ተከትዬ ዞርኩና ሦስተኛው ላይ አማተብኩ።

«አንተ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተሳለምኩ፣ ጋሼ።»

«ትራክተር ትሳለማለህ?»

«እርስዎስ ይዞሩት የለም?»

ወደ ትራክተሩ ተመለሱና፣ «ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ጎማው ሸጋ ነው። መሪው ይታዘዛል። ማረሻው ግን ጥልቀቱ የሚስተካከልበት የለውም፤ ይሄ የሚያርሰው ቅቤ ነው። ሹፌሩ ላይ ጥላ የለም፤ ሰውየው በፀሐይ ያልቃል ብለህ ጻፍ።»

«ጋሼ፣ ሹፌሩ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«ፕላስቲክስ ፀሐይ ይወዳል?»

ጻፍኩት። የአማርኛ ፊደል እሳቸው ዘንድ አልገባም ነበርና፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ፈረሙ። ፊርማቸው ሁለት ጠማማ መስመርና አንድ ነጥብ ናት። ከእሷ ሌላ የሚጽፉት ቁጥር ብቻ ነበር።

ሐምሌ ላይ መልስና ሁለተኛ ሳጥን አብረው መጡ። ዳኒ ስለ ጥላው የጻፍነውን ለክፍል ጓደኞቹ ተርጉሞላቸው ሲስቁ እንደዋሉ ነገረን። «አሁን የላክሁት እስካቫተር ነው። ይሄንንም እንደ ትራክተሩ በሐቅ ከመረመራችሁልኝ፣ ቀጥሎ ኮምባይነር እልካለሁ» ይላል።

ኮምባይነር! ቀበሌው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሥዕል አውቀዋለሁ። ቀይ ነው፤ ስንዴው መሐል እንደ ቤት ቆሞ፣ ከላዩ ሰዎች እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ ያኔ ኮምባይነር በፊቱ ስንዴ ገብቶ በኋላው ዳቦ የሚወጣበት ማሽን ነበር የሚመስለኝ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ የማሳልፈውን ጠዋት ሁሉ አሰብኩ። ትንሹ ኮምባይነር ትንሽ ዳቦ ቢያወጣ እንኳ፣ ቢያንስ ለእኔና ለሰሎሞን ይበቃል። ሰሎሞንን በዚህ አሳምኜው ስለነበር እሱም እንደ እኔ ነበር የሚቋምጠው። የማሽኑ ባለቤት እሱ፣ የምኞቱ ጠንሳሽ እኔ።

እስካቫተሩን የተረከብንበት ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም ነበር። ጆንያ ተነጠፈ፤ ፍሬው በሙሉ ተዘረገፈ። ስምንት፣ «አምጣ»፣ አሥር። ስምንት፣ «አምጣ»፣ አሥር። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሞላ። ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀብን። ከፍሬው ሁሉ ወሳኟ የካፖርት ቁልፍ የምታህል፣ ባለ ስምንት ጥርስ፣ ቢጫ ክብ ነበረች። እሷ ስትሽከረከር አካፋው ይነሳል፤ እሷ ከሌለች እስካቫተሩ ዝም ብሎ የቆመ ዕቃ ነው። «ጥርሷ» እያልን ነበር የምንጠራት።

ጋሽ ከድር ዞሩት፤ ከሥሩ አዩ፤ ከአንዱ ቆርቆሮ ዳዶ እያስዘገኑ ወደ ሌላው አስገለበጡት።

«ጻፍ። ክንዱ ጎበዝ ነው። ወገቡ ሳያንቋርር ይዞራል። ሰንሰለቱ ትንሽ ይላላል፤ ዳገት ላይ ያሳፍራል። ጋቢናው ጥላ አለው፤ ሰምተውናል ማለት ነው።» ከዚያ አካፋዋን በጣታቸው እየነኩ፣ «ጭቃ ላይ ያላየሁትን ግን ሙሉ ነው አልልም» አሉና ቡና ቤት በር ላይ የጠራቸውን ደንበኛ ሊያናግሩ ወጡ።

እሳቸው የተናገሩት ለራሳቸው ነው። እኔ ግን ትእዛዝ አድርጌ ወሰድኩት። ጭቃ ደግሞ ያን ሰሞን ሞልቷል! ሰሎሞን ምሳ ሊበላ ሲገባ እስካቫተሩን በሹራቤ ጠቅልዬ፣ ከግቢው በር ውጪ ካለው ቦይ ዳር ወሰድኩት። የምርመራው ደብዳቤ ከትራክተሩ የበለጠ እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ ኮምባይነሩን በእጄ ላስገባ ነው። የመጀመሪያውን አካፋ ጭቃ እንዴት ግሩም አድርጎ እንዳነሳ! ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ነከሰና ቀጭ አለ። ጥርሷ ተፈናጥራ ወጣች፤ ጎርፉ ላይ አንዴ ተገለባበጠች፤ ከዚያ በቱቦው ፍርግርግ ሹልክ ብላ ገባች። በሆዴ ተኝቼ እጄን እስከ ብብቴ ከተትኩ። ያወጣሁት የብርቱካን ልጣጭ ነው።

እስካቫተሩን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቦታው መለስኩት። ሰሎሞን መጥቶ እጀታውን አዞረ፤ አካፋው አልነሳም።

«ጥርሷ የታለች?»

«ከመጀመሪያውም አልነበረችም።»

«አሁን ጠዋት ዳዶ ያነሳ አልነበር?»

«ያ በጉልበት ነው። አዲስ ማሽን መጀመሪያ ላይ በጉልበት ይሠራል።»

የሰሎሞን ዓይን እንባ ሞላ፣ ግን አመነኝ፤ ለጋሽ ከድር እንዳይናገርም ቃል አስገባሁት። ይሄን ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። የሚያምነኝን ሰው ማታለል ምን ጉብዝና ነው? ያኔ ግን ራሴን እንደ ጠበቃ ነበር ያየሁት።

በማግስቱ ደብዳቤውን ጽፌ መጣሁ። ጋሽ ከድር ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል አስፍሬ፣ ከታች በቆንጆ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ስንቆጥር ባለ ስምንት ጥርሷ ክብ ከሳጥኑ ውስጥ አልተገኘችም።» ፋብሪካው ሀብታም ነው፣ ምትክ ይልካል፣ ማንም አይጎዳም። እንዲያውም ጎዶሎ ያገኘ መርማሪ ጎበዝ መርማሪ ነው አልኩ። ለጋሽ ከድር ሳነብላቸው ያቺን መስመር ዘለልኳት። እርሳሳቸውን ምራቅ ነካ አድርገው፣ ሁለት ጠማማ መስመርና አንድ ነጥብ አሳረፉባት። እትዬ አስካለ ፖስታ ቤት ወሰዱት።

ነሐሴ አልፎ ጳጉሜን ሲገባ፣ እትዬ አስካለ አንድ ከሰዓት ፊታቸው በርቶ ወደ ሱቋ መጡ። በእጃቸው ደብዳቤና የክብሪት ቀፎ ይዘዋል። እኔና ሰሎሞን ባንኮኒው ሥር ብሎን እየለየን ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ከድር! ዳኒዬ በሰው እጅ ላከ። ደብዳቤው ለእርስዎ ነው፤ ላንብብልዎት?»

«አንብቢያ፣ የኔ እናት።»

አነበቡ። «የተከበሩ ጋሽ ከድር፣ ስለጎደለችው ጥርስ የጻፉትን ተርጉሜ ለሱቁ ሰጠሁ። ሱቁ ለፋብሪካው ጻፈ። የሃያ ሁለት ዓመት የማሽን ተረካቢ በፊርማው ያረጋገጠው ነው ስላልኳቸው ወዲያው ምትክ ላኩ። ይቅርታም ጠይቀዋል። በሳጥኑ መለያ ፈልገው ያሸገችውን ሠራተኛ፣ ቁጥር አሥራ አራትን፣ አግኝተዋታል። ስለጉድለቱ ያነጋግሯታል።»

ቀፎውን ለሰሎሞን ሰጡት። ሰሎሞን ቀፎውን ከፍቶ ጥርሷን ሲያይ በደስታ ዘለለ። እኔ ግን «ያነጋግሯታል» ላይ ቀርቻለሁ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው «ለአምስት ደቂቃ እናነጋግርህ» ተብሎ ሲወሰድ ጎረቤት ድምፁን ይቀንስ ነበር። ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ ስለ አሻጥረኛ ያወራል፤ ስኳር የደበቀ አሻጥረኛ፣ ዕቃ ያጎደለ አሻጥረኛ። የዚያች ሴትዮ አገር ደግሞ የአስተማሪዎቹ አገር ነው፤ እዚህ እንዲህ ከሆነ እዚያ እንዴት ይሆን? ቁጥር አሥራ አራት ሻርፕ አስራ፣ ሳትቀየር በሥራ ልብሷ፣ በሁለት ሰው መሐል ስትሄድ ታየችኝ። ፊቷ ደግሞ ምክንያቱን አላውቅም፣ የእትዬ አስካለ ነበር።

ጋሽ ከድር ደብዳቤውን ተቀብለው አጠፉት። «ደርሶኛል በይልኝ» ብለው እትዬ አስካለን ሸኙ። ሰሎሞንን ሻይ እንዲያመጣ ላኩት። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረጉና፣

«ረቂቁ አለህ?» አሉኝ።

ደብተሬ ውስጥ ነበር።

«አንብበው። እኔ የፈረምኩበትን ሁሉ።»

አነበብኩ። ያቺን መስመር ይሄን ጊዜ አልዘለልኳትም።

«ይቺን ያን ቀን አንብበህልኛል?»

«አላነበብኩም፣ ጋሼ።»

«ጥርሷስ?»

«ቱቦ ውስጥ ገባች። ጭቃ ሳላይ ስላሉ… ጭቃ ላሳየው ብዬ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሞርሳውን ተደግፈው እንዲህ አሉኝ።

«ለምን ሦስት ጊዜ እንደምዞር ታውቃለህ?»

«ለበረከት አይደለም?»

«የምን በረከት! ጅማ መንገድ ላይ ነው። ቀትር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቀን ሠራተኛ ጥላ የሚያገኘው የት ነው? ማሽን ሥር። ሥራ ስንቀባበል ባልደረባዬን ‹ዞረሃል?› አልኩት። ‹ዞሬያለሁ› አለኝ። አምኜው ወጣሁ፣ አስነሳሁ። አንድ ክንድ ያህል እንደሄድኩ ጩኸት ሰማሁ። ስወርድ አንድ ሰውዬ ራቁቱን ቆሞ ይሰድበኛል፤ ጋቢውን ሰንሰለቱ ጎርሶታል።»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

«ሳቅ። እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። እራት ሲቀርብ ግን እጄ ጉርሻ መጠቅለል አቃተው፤ አንድ ክንድ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ወላሂ፣ ሳልዞርና ከሥሩ ሳላይ ማሽን አላስነሳሁም።» ከዚያ ረቂቁን በጎደለው እጃቸው ነካ አደረጉ። «አንተ ይቺን መስመር ስታስነሳ ከሥሯ ሰው ተኝቶ ነበር። አላየህም። እኔም የአንተን ቃል አምኜ ወጣሁባት።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እየተንሰቀሰቅሁም፣ «ጋሼ፣ ያስሯታል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወረቀት አውጣ።»

ጻፍኩ። ይሄኛው አጭር ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ፍሬ ሙሉ እንደነበር፤ ጥርሷን እኔ ጌታቸው ያለፈቃድ ጭቃ ላይ ወስጄ እንደጣልኳት፤ ጋሽ ከድር ሳያውቁ እንዳስፈረምኳቸው፤ ቁጥር አሥራ አራት በትክክል እንደቆጠረች። ጨርሼ ላነብላቸው ስል እጃቸውን አነሱ።

«አንተ አይደለህም የምታነበው።» ሻይ ይዞ የገባውን ሰሎሞንን ጠሩ። «ና አንተ፣ አንብብልኝ።»

ከዚያች ሰዓት የባሰ ረጅም ሰዓት አላውቅም። ሰሎሞን ጣቱን ፊደሉ ላይ እያስኬደ ጀመረ።

«ጥር… ጥርሷን… ቱ… ቱቦ… ውስጥ… የጣ… የጣልኳት… እኔ… ጌ… ጌታ…»

ቀና አለ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በጉልበት ነው የሚሠራው አላልከኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ኮምባይነሬስ?»

 ጋሽ ከድር «ጨርስልኝ» አሉት። ሰሎሞን እያለቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ እንደዚያ ቀን አቀላጥፎ ሲያነብ ሰምቼው አላውቅም። ንዴት ሳያስተምር አይቀርም። ጋሽ ከድር ፈረሙ። ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አንዴ አሽከረከሩት፤ ከታቹም አንስተው አዩ።

በቀጣዩ ሳምንት ቀበሌው ወዳቋቋመው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ገቡ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠሯቸው «ከብሎን ጋር ፊደል ምን ያደርግልኛል» ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። ቡና ቤቶቹ በር ላይ የሚቆሙት ሴቶች «ጋሽ ከድር፣ በዚህ ዕድሜ ምን ሊያደርግልዎ?» ብለው ሲተርቧቸው፣ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር እንደያዙ፣ «እዚህ ሰፈር አንድ ቀጣፊ ጸሐፊ አለ» ይሉ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ወደ ሰማይ አያለሁ።

ሰሎሞን እስከ መስቀል አኮረፈኝ። ከዚያ በኋላ ታረቀኝ፤ ግን ቅጣት አወጣልኝ። የጅማ መንገዱን ታሪክ ጋሽ ከድር ነግረውት ኖሮ፣ እስካቫተሩ በተነሳ ቁጥር ሥሩ ተኝቶ የሚገኘው የቀን ሠራተኛ እኔ እንድሆን ፈረደብኝ። ጆንያው ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌ እተኛለሁ፤ እሱ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ሰው አለ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ በእግሩ ይጎሽመኛል። ጎሽሞ ጎሽሞ እስኪበቃው ወሩ አለቀ።

የዳኒ መልስ ጥቅምት ላይ መጣ። እትዬ አስካለ ሊያነቡ ሲሉ ጋሽ ከድር «ቆይ» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ራሳቸው አነበቡት። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሁለት ደንበኛ ብሎን ሳይገዛ ተመለሰ። እኔ «ቁጥር» የምትለዋን ቃል እየጠበቅሁ ጥፍሬን ጨረስኩ።

ቁጥር አሥራ አራት አልታሰሩም። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሴትዮ ናቸው አለ ዳኒ። ሲያነጋግሯቸው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ቆጥሬ አንድ አላጎደልኩም፤ አሁን በመጨረሻ ስሜን አታበላሹ» ብለው ከአለቃቸው ጋር ተጣልተው፣ ለአንድ ወር ሥራ ቦታቸው ላይ ማንንም ሳያናግሩ ቆይተው ነበር። ደብዳቤያችን ሲደርስ የፈረሙበትን ሰውዬ ስም ጠይቀው፣ ወረቀቱን ማሸጊያ ጠረጴዛቸው በላይ ለጥፈውታል። ኮምባይነሩ ለጊዜው ይቆይ፤ ዳኒ ራሱ ሲመለስ ያመጣዋል፤ ዳቦ ግን እንደማያወጣ እወቁት ይላል። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጋሽ ከድር የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቁጥር አሥራ አራት አንድ ነገር ለምነዋል። ምትክ ብለው የላኳት ጥርስ ከመጋዘናቸው ወጪ ሆናለች፤ አሁን ቆጠራቸው ላይ አንድ ጎደለ። ጡረታ ሳይወጡ ብትመለስላቸው ደስ ይላቸዋል።

«ባለሙያ ናት!» አሉ ጋሽ ከድር፣ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መትተው። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ወዲያው ከናስ ቁራጭ ቆርጠው ሞርሳው ላይ አሰሩ፣ በሞረድ ሦስት ቀን ጥርስ በጥርስ ሞረዱ። ስምንት ሞላች። እስካቫተሩ ላይ ስትገባ ከበፊቷ የበለጠ ዞረች፤ ትንሽ ብቻ ታንቋርራለች። የፕላስቲኳን በክብሪት ቀፎዋ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡ። «አንተ ነህ የምትልከው» አሉኝ።

ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ቀፎውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጥርስ ነው።»

«የማን?»

«የቁጥር አሥራ አራት። ምሥራቅ ጀርመን ነው ያሉት።»

ሰውየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና፣ «እዚችው ቁም፤ አለቃዬን ልጥራ፣ ያነጋግርህ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ የቆምኩ ይመስላችኋል? ቀፎዬን ነጥቄ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን ዳገት ዞር ሳልል ወጣሁት። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። ነገ ትምህርት ነበር። በሳምንቱ ፈተና መጣ። ጋሽ ከድር «ላክህ?» ሲሉኝ «ልልክ ነው» እላለሁ፤ ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም፣ ልልክ ነበር።

ሴትዮዋ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ቆይቶ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ከዚያም አገሩ ራሱ ከካርታ ላይ ተነሳ። እኔ ለአንዲት ቢጫ ፕላስቲክ ይሄን ያህል ብዘገይ፣ አንድ ሙሉ መንግሥት ሳይጠብቀኝ ሄደ።

የክብሪት ቀፎዋ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ አሁን ከፍቼ አይቻታለሁ፣ ስምንቱም ጥርስ አለ። እትዬ ቁጥር አሥራ አራት፣ ቆጠራዎ ልክ ነበር። የጎደለችብዎት አንዲት ፍሬ እኔ ዘንድ ናት።